ጣሪያ ያጣው ረድፍ

አቃቂ በሰቃ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀይረዲን፣

እንደምን ሰነበትክ? እናትህ እንዴት ናቸው? እህትህ ዓሊያስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆሜ እሄዳለሁ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ተናድጄ ስለሆነ ነው፤ አትቀየመኝ።

የአንተ ስልክ ከፍርስራሹ ጋር እንደቀረ ስለማውቅ በእህትህ ቁጥር ደወልኩ። ዓሊያ «ወጣ ብሏል» አለችኝ። በማግስቱም ወጣ ብሏል። ሰኞም እንደዚሁ። ሰው እንዴት ሁልጊዜ ወጣ ይላል? በመጨረሻ ራሷም ሳይሰለቻት አልቀረም፣ «እትዬ፣ ይጻፉለት፤ ለሱ ደብዳቤ ይሻለዋል» አለችኝ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚሻለው ሰው አይቼ አላውቅም። ይኸው ግን እየጻፍኩ ነው። በወራቤ መኪና ሹፌር እልከዋለሁ፤ እሷ ትቀበልልኝ።

ቀደም ሲል በላክኸው ቁራጭ ወረቀት የጠየቅከኝን ልመልስልህ። የመሣሪያ ሳጥንህ ተርፏል፤ ከግድግዳው ሥር አውጥተነው እኔ ቤት ነው ያለው። ለጥገና የተሰጡህ የስፌት መኪናዎች ብረታቸው ደህና ነው፣ ጠረጴዛቸው ግን ማገዶ ሆኗል። የጋሽ ሳህሌ ክንድ ድኗል። መጋዝ መያዝ ጀምረዋል፤ አናጢ ያለ መጋዝ ምን ይሆናል።

ረድፉን ብታየው አታውቀውም። ከጋሽ ሳህሌ የእንጨት ሥራ ቤት እስከ በላይነሽ ምግብ ቤት ድረስ ያ አውሎ ነፋስ አንድ ቆርቆሮ አላስተረፈም። የአብርሽ ሞባይል ቤት ጣሪያ ከወንዙ ማዶ ተገኘ። የእኔ የት እንዳረፈ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ከመንገዱ ባሻገር ያለው መድኃኒት ቤት ደግሞ አንድ መስታወት እንኳ አልተሰነጠቀበትም፤ ባለቤቱ ሲያየን የሚያፍር ይመስላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ መጣ። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ መጡ፣ ካሜራ የያዙም መጡ። ስንት ጊዜ ፍርስራሹ ላይ ቆሜ ፎቶ እንደተነሣሁ አልነግርህም። አንዱማ ፊቴ በደንብ ስላላዘነለት ነው መሰለኝ እንደገና እንድቆም ለመነኝ። ከዚያ ሁሉም ሄደ። ከዚያ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። እኔ የሸራ ዋጋ ልጠይቅ ሳሪስ አቦ ሄጄ ስመለስ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውኛል። የመረጡኝም ስላልነበርኩ ነው፤ የነበረው ሁሉ እምቢ ብሏላ።

አሁን ዋናውን ነገር ስማኝ። የወረዳው ሰዎች ሁሉም እንደ ድሮው በየፊናው ይሥራ አላሉም። ረድፉ በአንድ ንድፍ፣ በአንድ ጣሪያ ይሠራ፣ ቦታ የሚለካ ቀን እያንዳንዱ ነጋዴ ራሱ ቦታው ላይ ይቁም፣ ያልቆመ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል ነው ያሉት። ውክልና አይሠራም። የእኔና የአንተ ግድግዳ ደግሞ አንድ ነው። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ እኛ ገና ሸራ ሥር ነን።

ሆስፒታል ጋሽ ሳህሌና እኔ ልንጠይቅህ ስንመጣ፣ ሲሻልህ ቶሎ ትመለሳለህ አይደል ብለን ጠይቀንህ ራስህን ነቅንቀህ እሺ ብለሃል። ጭንቅላትህ በፋሻ ተጠቅልሎ እንኳ ለሁሉም ነገር እሺ ስትል ነበር። ታዲያ የት ነህ?

ፍቅርተማርያም


ዳሎቻ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፍቅርተማርያም፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። ወገብዎን አሁንም ያምዎታል? ሸራ ሥር ተቀምጠው ሲሰፉ ብርዱ እንዳይጎዳዎት። ጋሽ ሳህሌን፣ በላይነሽን፣ አብርሽንም ሰላም ይበሉልኝ። እናቴ አመስግናዎታለች፤ የላኩላትን ነጠላ ለጁምዓ ነው የምለብሰው ብላ አስቀምጣዋለች።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ፋሻው ተፈቷል፤ ቁስሉም ደርቋል። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከወንድሜ ጋር ለበርበሬ ችግኝ መሬት ስናዘጋጅ ጊዜ አጣሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ መጥቷል፤ ችግኙም ጥሩ ነው። ወንድሜ እጅህ ለእርሻ አይሆንም እያለ ያሾፍብኝ ነበር፣ አሁን ግን ትቶታል።

ቦታውን በተመለከተ እኔን አትጠብቁ። ለሚፈልገው ሰው ይሰጥ። የመሣሪያ ሳጥኔንም ለሚጠቅመው ይስጡልኝ። እመለሳለሁ ብዬ ቃል መግባቴን አላስታውስም፤ ገብቼም ከሆነ ያኔ ደህና አልነበርኩምና ይታለፍልኝ።

በዓሊያ ስልክ ባይደውሉ ደስ ይለኛል። ክፍል ገብታ ስታስተምር ይጠራባታል፤ ትቸገራለች።

ታናሽ ወንድምዎ ሀይረዲን


አቃቂ በሰቃ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሀይረዲን፣

ደብዳቤህን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። ከዚያ ለበላይነሽ ሰጠኋት፤ እሷም ጨርሳ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው አለችኝ። ስለ ወገቤ ጠይቀሃል፣ ስለ ነጠላው ጽፈሃል፣ ስለ በርበሬው አንድ ገጽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ስለጠየቅኩህ ነገር ግን አንድ መስመር ተኩል።

እዚህ ያለውን ልንገርህ፣ ከዚያ በርበሬህን ትተክላለህ። በላይነሽ በሯ ወደ ታክሲ መቆሚያው ካልዞረ አልፈርምም ብላለች። አብርሽ ፎቅ ይሁን ይላል፤ ቻርጀር ለመግዛት ማን ደረጃ እንደሚወጣለት አላውቅም። ጋሽ ሳህሌ በሮቹ ሁሉ የእንጨት ካልሆኑ አይሆንም ባይ ናቸው። ንድፉን የሠራው ልጅ መጸዳጃ ቤቱን ልክ የእኔ መቁረጫ ጠረጴዛ የነበረበት ላይ አድርጎታል። ስነግረው ማስተካከል ይቻላል አለ፤ አስተካክሎ ሲያመጣው የበላይነሽ ማዕድ ቤት ውስጥ ገብቷል። በየሳምንቱ እንሰበሰባለን፤ የምንስማማበት ነገር ቢኖር የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ ይሁን የሚለው ብቻ ነው። ወረዳው ዘንድ ስሄድ ነገ ይምጡ ይሉኛል። ነገ ስሄድ ደግሞ ሰውዬው ስብሰባ ላይ ነው።

ሌላም አለ። የመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ልሰፋ ሥራ ተቀብያለሁ። ከፍርስራሹ ያወጣናቸው መኪናዎች ሁሉ ወይ ክር ይበጥሳሉ ወይ ስፌት ይዘላሉ። ከሳሪስ አቦ ጠጋኝ አመጣሁ። ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቶ ዘፈን እየሰማ ፈታታቸው፤ ሲገጥማቸው የተረፈ ብሎን በእጁ ይዞ አሳየኝና ይሄ ብዙም አያስፈልግም አለኝ። አሁን ደህና የነበረችው የጨርቅ ጠርዝ መስፊያዋ ኦቨርሎክም አትሠራም። አንተ እንደሆንክ መኪናው ሲዞር አንገትህን ዘንበል አድርገህ አዳምጠህ፣ ገና ሳትከፍተው የቱ ጋ እንደታመመ ትናገር ነበር። ይሄኛው ከፍቶም አላወቀም።

የቦታህን ነገር ደግሞ ለሚፈልገው ይሰጥ ብለሃል። ፈላጊማ አለው። ከትናንት በስቲያ የአብርሽ ሠራተኞች አንተ ቦታ ላይ ብሎኬት ሊደረድሩ መጡ። ወንበሬን አምጥቼ መሃሉ ላይ ተቀመጥኩ። አብርሽ መጣ። «እትዬ፣ እሱ ትቶን ሄዷል እኮ» አለኝ። አልተነሣሁም። ፀሐይዋ አናቴን እስክትበሳው ድረስ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል ዋልኩ። እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ቦታ ጠባቂ ሆኛለሁ።

ቃል መግባቴን አላስታውስም ብለሃል። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅንህ፣ ሁለቱንም ጊዜ ነቅንቀሃል። ግልጹን ንገረኝ፤ ተቀይመኸኛል? ግድግዳው ሲወድቅብህ ቶሎ አልደረስንልህም ብለህ አዝነህብናል? ብረት ስናነሣ እጃችን ደምቶ ነበር፤ ይህን ግን እስከ ዛሬ ነግሬህ አላውቅም። ከፈለግህ ስደበኝ። ብቻ ሁለተኛ ስለ በርበሬ አትጻፍልኝ።

ፍቅርተማርያም


ዳሎቻ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ፍቅርተማርያም፣

ዛሬ ሰላምታውን የማሳጥረው እኔ ነኝ። ማንም አላስቀየመኝም። ከግድግዳው ሥር ያወጣችሁኝ እናንተ እንደሆናችሁም ዓሊያ ነግራኛለች። ነግራኛለች ስል ጽፋልኛለች ማለቴ ነው።

አልሰማም፣ እትዬ። ግራው ጆሮዬ ምንም አይሰማም። ቀኙ አጠገቡ ሲጮኹበት ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ዓይነት ነገር ይደርሰዋል፣ ቃሉን ግን አይለየውም።

ሆስፒታል ዓይኔን ስገልጥ ነርሷ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ድምፅ የለም። የመድኃኒቱ ሰመመን ነው፣ ይለቀኛል ብዬ ተኛሁ። እርስዎና ጋሽ ሳህሌ ስትመጡም እንደዚያው ነበር። የምትሉት ነገር ደግ እንደሆነ ከፊታችሁ ያስታውቃል፤ ስለዚህ ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ ያልኩት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከደብዳቤዎ ነው።

ሐኪሙ ለዓሊያ ነገራት፤ እሷ በወረቀት ጻፈችልኝ። ከጻፈችው ውስጥ መስማትህ ይመለሳል ከሚለው ፊት «ምናልባት» የሚል ቃል ነበር። ያችን ቃል ስንት ጊዜ እየገለጥኩ እንዳየኋት አላህ ያውቃል። ሰንብቼ ቡታጅራ ሌላ ሐኪም አየኝ። እሱ ምናልባት አላለም።

እርስዎ በደወሉ ቁጥር ዓሊያ ስልኩን ይዛ ፊቴን ታያለች። እኔ እጄን አወዛውዛለሁ። ወጣ ብሏል ትላለች። እሷ ውሸት አትወድም፤ ከተደወለ በኋላ ምሳዋን ሳትበላ ወደ ትምህርት ቤት ትመለሳለች። ለዚህ ነው አይደውሉ ያልኩት።

የሥራዬን ነገር እርስዎው ጽፈውታል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል ብለው። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ውጭ የማውቀው ነገር የለም። አባቴ ለእርሻ አትሆንም ብሎ አዲስ አበባ ላከኝ፤ አሠሪዬም ጥገናን ያስተማረኝ በጆሮዬ ነው። የማይሰማ ጠጋኝ ማን ይፈልጋል? ሰው መኪናውን ተሸክሞ መጥቶ ችግሩን ሲያስረዳኝ አፍ አፉን እያየሁ ልቁም? ባለፈው ገበያ ስሄድ ከኋላዬ ባጃጅ መጥቶ ሊገጨኝ ሲል ለጥቂት ተረፍኩ። ሹፌሩ ወርዶ ሰደበኝ መሰለኝ። ሰው ከበበን። ሁሉም አፉን ያንቀሳቅሳል፣ እኔ መሃል ቆሜ ሁሉንም አያለሁ። አቃቂ መንገድ ዳር በየቀኑ እንደዚያ ልሆን ነው?

በርበሬው አይናገርም። የምወደው ለዚህ ነው።

ለማንም አይንገሩብኝ።

ሀይረዲን


አቃቂ በሰቃ፣ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ሀይረዲን፣

ለማንም አይንገሩ ብለህ ነበር። ነገርኩ።

ልትቆጣ ትችላለህ፤ ከመቆጣትህ በፊት ግን እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። እሁድ ስብሰባ ነበረን። አብርሽ የቦታህን ነገር አነሣው። ጥሎን ሄዶ ለሌላው ደግሞ ቦታ ይዞበት ሊቀመጥ ነው አለ። ሌሎቹም አዎ አዎ ማለት ጀመሩ። እኔ ደብዳቤህን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር፤ ዝም ብል ያን ቀን ቦታህ ይሄድ ነበር። ስለዚህ ነገርኳቸው።

ጋሽ ሳህሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አብርሽ ለምን አልነገረንም ብሎ ተቆጣ፤ ደጋግሞ ለምን አልነገረንም ይላል፣ የተቆጣው በማን እንደሆነ እሱም አያውቀውም። በላይነሽ አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ዓይኗን ጠርጋ የበሯን ነገር ካቆመችበት ቀጠለች። ጎረቤቶችህ እንደዚህ ናቸው። በማግስቱ ስመጣ ጋሽ ሳህሌ በዚያ ክንዳቸው አካፋ ይዘው ከቦታህ ላይ ስባሪ ሲጠርጉ አገኘኋቸው። ማን አዘዝዎት ብላቸው ሌላ አካፋ ሞልተው ደፉ።

አላዘንኩም ብዬ አልዋሽህም። ደብዳቤህን ስጨርስ መቀሱን አስቀምጬ ወጥቼ ወንዙ ድረስ ሄድኩ። ተመልሼ ግን ያሰብኩትን እነግርሃለሁ።

ቦታ የሚለካው ሰኞ ሰኔ 16 ነው። መጥተህ ቁም። ምንም መስማት አይጠበቅብህም። ከወረዳ የሚመጣው ባለሙያ ሲናገር እኛ ከፋሲካ ጀምሮ እየሰማነው ነው፤ እስካሁን አንድ ሚስማር አልተመታም። አንተ ከሁላችን የተሻለ ታርፋለህ።

ስለ ሥራህ የማውቀው ነገር የለም። ይሆናል ብዬ አልምልልህም፣ አይሆንም የምልበትም ምክንያት የለኝም። የማውቀው የእኔ መኪናዎች መሰበራቸውንና መስከረም መምጣቱን ነው። የሳሪሱ ሰውዬ ደህና አድርጎ ይሰማል፤ በመስማቱ ምን አተረፍኩ?

ካልመጣህ እንደገና ወንበሬን ይዤ ቦታህ ላይ እቀመጣለሁ። ግን ባለሙያው መታወቂያ ይጠይቃል፤ ፍቅርተማርያም የሚል መታወቂያ ይዤ ሀይረዲን ነኝ ብል እንዳያስሩኝ።

እህትህ ፍቅርተማርያም


አቃቂ በሰቃ፣ ከአጠገብዎ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፍቅርተማርያም፣

ረድፉ ተሠርቶልን ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠን ደብዳቤ መጻፌ ያስቅዎት ይሆናል። ትናንት በሬ ላይ ቆመው እጅዎን እያወናጨፉ ሲጠይቁኝ ሊገባኝ ስላልቻለ፣ ያሉትን አብርሽ ይጻፍልኝ ብዬ ነበር። አምጥቶ አሳየኝ። ያኮረፍኩት ለምን እንደሆነ ነው የጠየቁኝ። እንግዲህ ልመልስ።

ከመጣሁ ጀምሮ ይጮኹብኛል፣ እትዬ። ደግ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ጩኸትዎ ግን ለእኔ አይደርስም፣ ለመንገደኛው ነው የሚደርሰው። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ የምንጣላ መስሎት ሊገላግለን ገብቷል። በዚያ ላይ ሲጮኹ አፍዎ ይጣመማል። ፊት ለፊቴ ሆነው ረጋ ብለው ቢናገሩ ግማሹን ከከንፈርዎ አገኘዋለሁ። ጋሽ ሳህሌ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፤ ጥርስ ባይኖራቸውም ከሁላችሁ በተሻለ ይገቡኛል።

አብርሽንም ይንገሩልኝ። የሰጠኝ ስልክ ጥሩ ነው፣ አላህ ይስጠው። ሰው የሚናገረውን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል የሚለውን ነገር ግን በየሰዓቱ እኔ ላይ መሞከሩን ይተውልኝ። በላይነሽ ስለ በሯ ስትናገር ፊቴ ደቀነው። «በሬ መንገድ ላይ እንዲቆም እፈልጋለሁ» የሚል ጻፈ። ለበዓል በሬ ልትገዛ ነው ብዬ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅኳት። እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።

ቦታው የተለካ ዕለት ምን ተሰማህ ብለውም ጠይቀዋል። የፈራሁት ሁሉም ዞሮ እንዳያየኝ ነበር። ሰውዬው ስም ይጠራ እንደነበር ያወቅሁት ሁላችሁም ወደ እኔ ስትዞሩ ነው። ጋሽ ሳህሌ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። እጄን አወጣሁ። ሰውዬው ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፤ የነጭ ኖራ መስመር አሠመረ፤ ወደ እርስዎ ቦታ አለፈ። የፈራሁት ደረሰ፣ አለፈም። ዳሎቻ ሆኜ ከዚያ የከበደ አድርጌ አስቤው ነበር።

ስለ መኪናዎቹ እውነቱን ልንገርዎት። ሁለቱ ላይ ተሳስቻለሁ። ሠራሁ ብዬ አስረከብኩዎት፣ እርስዎም ዝም ብለው ለሳሪሱ ሰውዬ እንዳሳዩአቸው አውቃለሁ። አልተቀየምኩም። መዳፌን ብረቱ ላይ አድርጌ ቺንጊያ የሚባለውን ማዞሪያ ቀበቶ አዞራለሁ፤ አንዳንዱን ሕመም መዳፌ ያገኘዋል፣ አንዳንዱን አያገኘውም። ድሮ ገና ሳልከፍት የማውቀውን አሁን እስከ መጨረሻው ፈትቼ ካላየሁ አላውቅም። ስለዚህ እዘገያለሁ፤ የቸኮለ ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ። ኦቨርሎኳ ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ትሰፋለች። የሳሪሱ ሰውዬ አያስፈልግም ያለው ብሎን ነበር የሚያስፈልጋት።

ዛሬ ያየሁትን ልጨምርና ላብቃ። ቅድም፣ ከምሳ በፊት፣ ያ ዝናብ ሲወርድ እኔ ጎንበስ ብዬ እሠራ ነበር። ቀና ስል ሁላችሁም ያላችሁትን አቋርጣችሁ ወደ ላይ ታያላችሁ። እርስዎ መቀሱን እንደያዙ፣ በላይነሽ ጭልፋዋን እንደያዘች፣ አብርሽ በሩ ላይ። ከዚያ አውሎ ነፋስ ወዲህ ነፋስ የነካውን ቆርቆሮ ሁሉ እንደዚያ ነው የምታዩት፤ እኔም ብሰማ አንጋጥጬ አይ ነበር። ምሰሶውን ያዝኩት። ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን ይዟል። ጣሪያው ያዘልን፣ እትዬ።

ከዚያ ነው የሳቅሁት። ሲስቅ አየሁት ብለው የሚያስቡ ከሆነ በዚህ ነው። ኮርኒስ የሌለው አዲስ ቆርቆሮ በዚያ ዝናብ እንዴት እንደሚጮህ አስታውሳለሁ፤ ማንም ማንንም አይሰማም። በላይነሽ ከወዲያ ጫፍ አፏን ትከፍታለች፣ ጋሽ ሳህሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ምን ይላሉ፣ አብርሽ ትከሻውን ይሰብቃል። ሁሉም ግራ ገባው። ከረድፉ ሰው ሁሉ ከንፈሯን አይቼ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሽሮ አልቋል፣ ያለው ምስር ነው፣ ስንት ሰው ልቁጠር ነው የምትለው። ለጋሽ ሳህሌ በእጄ አሳየኋቸው፣ እሳቸው ለእርስዎ፣ እርስዎ ለአብርሽ። የሁላችሁንም ጣት ቆጥሬ ወደ በላይነሽ መለስኩላት። ያ ሁሉ ስብሰባ ተደርጎ እንደዚያ ያለ ፈጣን ስምምነት በዚህ ረድፍ አልታየም።

ዝናቡ ሲያባራ እናንተ ወደ ጩኸታችሁ ተመለሳችሁ። እኔም ወደ ኦቨርሎኳ።

ጎረቤትዎ ሀይረዲን